የወይኖ ድምፅ

ወልደሩፋኤል ከበሮውን ከመሬት ሊያነሣ ቢያቅፈው ጣቶቹ ትልቁን አፍ አልፈው ወደ ውስጥ ገቡ። መጀመሪያ ልብሱ የተጣጠፈ መስሎት ነበር። ልብሱን ገፍፎ ከዕቃ ቤቱ በር ወደሚገባው ብርሃን አዙሮ ሲያየው ግን ቆዳው ከዳር እስከ መሐል ተበልቷል። አይጥ ነው። በዚያ ዓመት ከዕቃ ቤቱ ጥግ የመገበሪያ ስንዴ ፍሬ እንኳ አልተገኘም፤ የተራበ አይጥ ደግሞ የእግዜር ዕቃ ነው ብሎ አይምርም።

ቀኑ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ ጸናጽልም ድምፁ አይሰማም፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ይወርዳል። ሃምሳ አምስቱ ቀን ሊያልቅ ሲል፣ በቀዳም ሥዑር ማለዳ፣ ካህናቱ ቄጤማ ይዘው የምሥራቹን ሲያዜሙ ከበሮው አፉን የሚፈታው ያን ጊዜ ነው። ከአንኮበር በታች ገደሉ አፋፍ ላይ የተተከለችው የቀጭን ውሃ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ያላት አንድ ከበሮ ነው። መቺውም አንድ ነው፤ እሱም ደብተራ ወልደሩፋኤል።

ጥፋቱም የእሱ ነው። ይህን ከራሱ ለመሸሸግ አልሞከረም። ጾም ሲገባ ከበሮው ልብሱን ለብሶ፣ ከክዳኑ ሥር ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ ይከርማል፤ አባቱም፣ የአባቱም አባት እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ዘንድሮ ግን ከበሮውን ይዞ መሰላሉን ሊወጣ ሲል፣ "ወይኖ ወደቀ! ድረስልኝ!" የሚል የሚስቱ የደመቀች ጩኸት ተሰማው። ከበሮውን ጥግ ላይ አኑሮ ሮጠ። የከብቱ በሽታ መንደሩን ዞሮ ዞሮ ከእሱ በር መድረሱ ነበር። ወይኖ በማግስቱ ሞተ። አብሮት የሚጠመደው ቡሬ በሳምንቱ ተከተለው። ከበሮውም እዚያው ጥግ እንደተቀመጠ ተረሳ።

ረሳው ማለት እንኳ አይበቃም፤ ተቀየመው። የኔታ ገብረ ጻድቅ፣ የደብሩ መሪጌታ፣ ተማሪን ከበሮ ከማስነካታቸው በፊት ምሥጢሩን ነው የሚያስተምሩት። ማንገቻው ጌታ የተጎተተበት ገመድ ነው፤ ጎኑን የወጠረው ጠፍር በገላው ላይ የቀረ የግርፋት ሰንበር ነው፤ ልብሱም አይሁድ የዘበቱበት ቀይ ግምጃ ነው። "ስለዚህ ልጄ፣ የምትመታውን እያወቅህ ምታ" ይሉ ነበር። ወልደሩፋኤል ሃያ ዓመት እያወቀ መታ። ከበሮውን አንግቶ ወዲያና ወዲህ ሲወዘወዝ ጌታን እያንገላቱ ሲወስዱት በዐይኑ ያየው ነበር፤ ስንት ጊዜ ዕንባው ቆዳው ላይ ጠብ ብሏል።

ወይኖ ሲታመም ጠበል ረጨው፤ ድርሳን ደገመለት፤ ስለት ተሳለለት። በሬው ምላሱን እንዳወጣ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ወልደሩፋኤል ይቆማል፣ ያዜማል፣ ይሰግዳል፤ ውስጡ ግን ባዶ ጎታ ነው። ለማንም አልተናገረም። የታመመ ሰው ወደ ካህን ይሄዳል፤ ዘማሪ እምነቱ ሲደክም ለማን ይናገራል?

ከቤቱ ጀርባ ደመቀች መሬቱን በዶማ ስትቆፍር አገኛት። በሬ የለም፤ በልግም እያለፈ ነው። ባልና ሚስቱ እየተፈራረቁ ሲቆፍሩ ከርመው የሁለቱም መዳፍ ውኃ ቋጥሮ ፈርጧል።

"ምነው? ፊትህ አመድ መስሏል" አለችው።

"ከበሮውን አይጥ በላው።"

ዶማዋን ጣለች። "የደብሩ አለቃ ያውቃሉ?"

"ማንም አያውቅም።"

"ያወቁ እንደሆነሳ?"

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ቆመው የሚነጋገሩበት መሬት የእነሱ አይደለም፤ የከበሮው ነው። ከበሮ መቺው ያርሰዋል፤ ያጠፋ እንደሆነ ለሌላ ይለቃል። አምና አንድ ገበዝ በቸልታ መጋረጃ አቃጥሎ፣ መሬቱ ለሌላ ተሰጥቶ፣ ከነልጆቹ ወደ እነዋሪ ተሰዷል። እሱስ በደህናው ዘመን ነው የተሰደደው። ዘንድሮ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ወዴት ይሄዳል?

"የታረደ በሬ ቆዳ ማን ዘንድ ይገኛል?" አለች ደመቀች።

"በሕማማት ማን ያርዳል? ለማረድስ በሬ ማን ቀረው?"

ደመቀች ወደ ጓሮው አጥር ተመለከተች። የወይኖ ቆዳ ከሞተበት ቀን ጀምሮ እዚያ ተወጥሮ ደርቋል። ማንም ስላልፈለገው ተሰቅሎ የቀረ ቆዳ ነው።

"እሱ በክት ነው" አለ ወልደሩፋኤል።

"እኔ ምን ወጣኝ?" አለች፤ ዶማዋንም መልሳ አነሣች።

ረቡዕ በማለዳ ቆዳውን ጠቅልሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ታመነ ፋቂ የሚኖረው ከመንደሩ ተለይቶ ከውኃው ዳር ነው። ሰው ሁሉ በታመነ ጠፍር ያርሳል፣ በታመነ ቁርበት ይተኛል፤ ታመነን ግን ከደጃፉ አያሳልፈውም። በክት ይበላል ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣም ከቅጥሩ በር ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይመለሳል።

ታመነ ቆዳውን ዘርግቶ በእጁ ዳሰሰው። "ይህ ወይኖ አይደለም እንዴ? ነፍስ ይማር አይባል ነገር፣ ከብት ሆነ። ለቁርበት ነው ለጠፍር?"

"ለከበሮ ነው።"

የታመነ እጅ ቆመ። "ለየትኛው ከበሮ?"

"ስንት ከበሮ አለን?"

"ደብተራ፣ ወይኖ ታሞ ነው የሞተው። ይህን አገር ያውቃል።"

"ቆዳ ቆዳ ነው። ተነክሮ ከደረቀ ምን ልዩነት አለው?"

"ለእኔ ቤት ልዩነት የለውም። ለእመቤቴ ቤትም እንዲያው ነው?" አለ ታመነ፤ ዐይኑን ግን ቀና አላደረገም። "ለአለቃ ይንገሯቸው። ሰላ ድንጋይም፣ ደብረ ብርሃንም ሰው ቢልኩ ተባርኮ የታረደ ቆዳ አይጠፋም። ለዳግም ትንሣኤ ይደርሳል።"

"እኔ የምፈልገው ለቅዳሜ ነው። የፍየል ቆዳስ አይሆንም?"

"ለትልቁ አፍ አይችልም። ሁለት ጊዜ ሳይመቱት ይተረተራል።"

"እንግዲያው ይህንኑ ወጥርልኝ!"

"እጄን አላገባም" አለ ታመነ። "ለመኝታ ቢሉኝ ዛሬውኑ እሠራዋለሁ። በክት ይበላል ይሉኛል፤ ይበሉ፣ ለምጄዋለሁ። በእመቤቴ ከበሮ ላይ በክት ወጠረ ግን አያስብሉኝ።"

ወልደሩፋኤል ጆሮው ድረስ ጋለ። እሱ ድጓ የዘለቀ፣ አቋቋም ጠንቅቆ ያወቀ ሰው፣ ንጹሑንና ርኩሱን ሊያስተምረው የተነሣው ፋቂው ታመነ ነው። ቆዳውን ከፊቱ መንጭቆ ሄደ። ከንዴቱ በታች ሌላ ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ሰውየው ልክ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ጥፋት ከችኮላ መጣ፤ ሁለተኛው ግን በእርጋታና በጥንቃቄ ተሠራ። ወልደሩፋኤል ቆዳውን ከሰው ዐይን በራቀ ኩሬ ነከረው፤ ጠጉሩን በካራ ፋቀ፤ ረቡዕን ውሎ የከበሮውን ጎን በጉልበቱ ደግፎ፣ ጠፍሩን በጥርሱ እየሳበ ወጠረው። ሲወጥረው የወይኖ የቀንበር ጠባሳ ከከበሮው አፍ መሐል ላይ መጣበት። ወደ ዳር ሊያሸሸው ቆዳውን ቢያዞረው ቆዳው አልበቃ አለ። ተወው። ጠባሳውን ሲያይ ያ በሬ ስምንት ዓመት ከፊቱ ከፊቱ ሲሄድ ታየው፤ ዐይኑ ውስጥ ትኩስ ነገር መጣ፤ ሳያለቅስ ዋጠው።

ሐሙስ ከጸሎተ ሐሙስ ሥርዓት በኋላ የኔታ ገብረ ጻድቅ አስጠሩት። የኔታ ዐይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰውን የሚያውቁት በእርምጃው ነው።

"ና ልጄ። ከበሮው እንዴት ከረመ?"

"የድሮው ቆዳ ላልቶ ነበር፣ የኔታ። አዲስ ተወጠረለት።"

"በዚህ ዘመን? ቆዳው ከየት ተገኘ?"

"ታመነ ነው ያበጀልኝ። ወደ አንኮበር ወጥቶ የታረደ አግኝቶ ነው ያመጣው።"

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ታመነን እንዳሰረው ገባው፤ ግን ወጥቷል። የኔታ ፈገግ አሉ። ከወራት ወዲህ ሲስቁ ያየው ያን ዕለት ነበር።

"አየህ፣ የናቅነው ሰው ነው ለእግዚአብሔር ቤት የሚደርሰው። ይህ ሕዝብ ቅዳሜ ከበሮ ሳይሰማ ቢቀር ኖሮ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔርም ከከብቱ ጋር ሄደ ይል ነበር። እኔም ብዬው ሳልሞት አልቀርም ነበር።"

እጃቸውን ስሞ እንዳይሄድ በሕማማት መሳለም የለም። እንዲሁ ወጣ፤ በዚያ ሳምንት እጅ አለመሳሙንም እንደ ምሕረት ቆጠረው።

ዓርብ፣ ስቅለት፣ ጉልበታቸው እስኪዝል ሲሰግዱ ውለው ማምሻውን ሰው ሁሉ ተሰለፈ። በደሉን ለካህኑ ይናገራል፤ ካህኑም ጀርባውን በወይራ ቅጠል ጠብጠብ አድርገው ስግደቱን ይቆጥሩለታል። የወልደሩፋኤል ተራ ደረሰ።

"ምን በደልህ?" አሉት ካህኑ።

ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ። ደመቀች ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ ታየዋለች። መሬቱ ታየው፤ ወደ እነዋሪ የሚወርደው መንገድ ታየው።

"ሁለት ቀን ስግደት አጓድያለሁ" አለ።

ካህኑ በወይራው ጠብጠብ አደረጉት። "አርባ አንድ ስገድ።" አርባ አንዱን ሰገደ። ለውሸት ኃጢአት እውነተኛ ስግደት መስገድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ዕለት ዐወቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ገና ሳይነሣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በሰው ሞላ። ሰው ይባል እንጂ ግማሹ ጥላ ነበር፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። ልጆች ቄጤማውን ከካህናቱ እጅ እየነጠቁ በግምባራቸው ያስሩ ነበር፤ በዚያ ማለዳ የደስታ ወግ የነበራቸው እነሱ ብቻ ናቸው። አለቃው ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ቆመዋል። ደመቀች ከወይራው ሥር ናት። ታመነ እንደ ወጉ ከቅጥሩ በር ውጭ።

ከጾም የወጣ ከበሮ አስቀድሞ በመሪጌታው እጅ መነካት አለበት። ወልደሩፋኤል ከበሮውን አቅርቦ ከየኔታ ፊት አኖረው። የኔታ መቋሚያቸውን ለአጠገባቸው ሰው ሰጥተው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ትልቁን አፍ ሦስት ጊዜ መቱ።

ወልደሩፋኤል የታፈነ ድምፅ ወጥቶት ከበሮው እንዲቀር በልቡ ሲመኝ ነበር። ድምፁ ግን ሙሉ ነበር። ከዚያ ከበሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም፤ ከደረት እንደሚወጣ ድምፅ ወፍራም፣ ጥልቅ፣ ገደሉን ወርዶ የሚመለስ። አንዲት አሮጊት እልል አለች። ከዚያ ሁሉም ሴቶች እልል አሉ፤ እልልታውን እንባ አቋረጠው። ወንዶቹም ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

የኔታ እጃቸውን ከቆዳው አላነሡም። ጣቶቻቸው ሲዳስሱ ከመሐል ጠባሳውን አገኙት።

"የቀንበር ጠባሳ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይህ በሬ አርሶ ያበላ ነው። ስንት ዓመት ጎትቶ ይሆን?" ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ታመነ የት ነው? ጥሩልኝ! ታመነ፣ ግባ ልጄ። የእመቤቴን ከበሮ አበጅተህ ከበር ውጭ አትቆምም።"

ሕዝቡ ተንጫጫ። ታመነ በሩን አልፎ ሁለት እርምጃ ገባና ቆመ። በአጠገቡ የነበሩት ሰዎች ልብሳቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ። ታመነ ከበሮውን አየ፤ ወልደሩፋኤልን አየ። ምን እንደተደረገ በአንድ እይታ ገባው።

"የኔታ..." አለና አቋረጠ። "እኔ የምናገረው የለኝም። ደብተራ ያውቃሉ።"

"ትሕትናው ነው" አሉ የኔታ። በእጃቸው ማንገቻውን ፈልገው በወልደሩፋኤል አንገት አጠለቁት። "በል ልጄ። የምትመታውን እያወቅህ ምታ።"

ከበሮው ከበደው። ገመዱ አንገቱ ላይ ገባ። ጌታ የተጎተተበት ገመድ ነው፤ ይህን ያስተማሩት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጊዜ ቢመታ ነገሩ ሁሉ ያልፋል። ሕዝቡ ደስ ይለዋል፤ መሬቱ ይጸናል፤ ደመቀች ትተርፋለች። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ ምቀኛ የወይኖ ቆዳ ከአጥሩ ላይ መጥፋቱን ያስታውሳል፤ ያን ጊዜ "ፋቂው በክት ወጠረብን" ይባላል እንጂ ማን ደብተራን ይጠረጥራል? ታመነ ይህን ያውቃል። እያወቀም ዝም ብሎ ቆሟል።

ደመቀችን ተመለከተ። ደመቀች ዐይኗን አልሰበረችም። የፈረጡ መዳፎቿን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፤ ንገር ማለቷ ይሁን አትንገር ማለቷ ሊለይ አልቻለም። ራሱ ወሰነ።

"የኔታ፣ ዋሽቻለሁ" አለ። "ታመነ አልወጠረውም። ለምኜው እንቢ አለኝ። የወጠርሁት እኔ ነኝ። የራሴ በሬ የወይኖ ቆዳ ነው፤ በበሽታ የሞተ፣ በክት ነው። የድሮውንም አይጥ የበላው እኔ መሬት ላይ ስለተውሁት ነው። ትናንትም ለካህኑ አልተናዘዝሁም።"

እልልታው በነበረበት ቦታ ሁሉ ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ "ኧረ የእግዚአብሔር ያለህ!" አለ። አለቃው ከደረጃው ወርደው ከፊቱ ቆሙ።

"ከበሮውን አውርድ" አሉ። "ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጉባኤ ፊት ትቆማለህ። መሬቱንም ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።"

"እሺ፣ አባቴ" አለ።

ማንገቻውን ከአንገቱ አወለቀ። ከበሮውን ልብሱን አልብሶ ሣሩ ላይ አስተኛው። ሲያስተኛው እጁ ጠባሳው ካለበት ላይ ጥቂት ቆየ፤ ያን ጊዜ ነው ወይኖ ከሞተ ጀምሮ ያልወጣው ዕንባ የወጣው። ለበሬው ይሁን ለመሬቱ ይሁን ለራሱ አላወቀም፤ ብቻ አለቀሰ፤ ሰው ሁሉ እያየው። ውስጡ ግን ባዶ አልነበረም። ይህን በእርግጥ ዐወቀ።

የየኔታ እጅ አሁንም ወደ ፊት እንደተዘረጋ ነው፤ ከበሮው ከነበረበት ባዶ ቦታ ላይ። ፀሐይ ጉሙን አልፋ ወጣች። የዝማሬው ሰዓት ደርሶ እያለፈ ነው፤ ማንም የሚጀምረው አልነበረም። ሕዝቡም ሳይዘመርለት ሊበተን ዳር ዳሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ወልደሩፋኤል ፊቱን በጋቢው ጠረገ። በካህናቱ መሐል ወዳለው ስፍራው አልተመለሰም። ሕዝቡን ሰንጥቆ ወደ ቅጥሩ በር ሄደ፤ ታመነ ሰው ሁሉ ሸሽቶት ብቻውን ከቆመበት ደረሰና ከጎኑ ቆመ፤ ክንዱ ክንዱን እስኪነካው ተጠግቶ። ታመነ ሊያፈገፍግለት ሲል እጁን ያዘው።

"እዚሁ ቁም" አለው።

ከዚያም መዳፎቹን አነሣና የከበሮውን ምት በጭብጨባ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ያለውን፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዘወዝበትን። የፈረጠው ቁስል በየጭብጨባው ያቃጥለዋል። አላቆመም። ከወይራው ሥር ሌላ ጥንድ መዳፍ ተቀበለው፤ ደመቀች ናት። ቀጥሎ ከጎኑ፣ እያመነታ፣ የታመነ።

የኔታ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አዳመጡ። ከዚያ መቋሚያቸውን ከያዘላቸው ሰው ተቀብለው፣ በዚያው ምት ዜማውን ጀመሩ።